ቀለም በካርድ ብቻ አይለመድም፦ የተግባር ጨዋታዎችን ለነቀፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በመዋዕለ ሕፃናት መምህራንና በወላጆች ዘንድ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች ቀለማትን እንዲለዩ ስለ መርዳት የሚያወሳ ሲሆን፣ ሐሳቡ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ልጅ 3 ዓመት ሲሞላው ዋና ዋናዎቹን ቀለማት መጥራት አለበት፤ ካልቻለ ዘግይቷል። ፈጣኑ መንገድ ካርድ እያሳዩ ስሙን ማስደገም፣ በዚያም ላይ የስልክ ቪዲዮ መጨመር ነው። ቀለማቱ ሁሉ በአንድ ሳምንት አብረው ሊቀርቡ ይገባል፤ ስማቸውም ከመነሻው በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል። መደርደር፣ ማዛመድ፣ መቀባትና ፈልጎ ማምጣትን የመሳሰሉ ጨዋታዎች ግን ጊዜና ገንዘብ ያባክናሉ፤ ልጆች ተጨናንቀው በሚማሩበት የመንግሥት ኦ ክላስም (ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ክፍል) ከቶ የሚሞከሩ አይደሉም። ጸሐፊው ይህን የጻፉት ለልጆች አስበው እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም ምክራቸውን እንዳለ የተቀበለች መምህርት ልጆቹን ቀለም ሳይሆን የቀለም ስም ብቻ አስተምራ ልታበቃ ስለምትችል፣ ለዋና ዋናዎቹ ነጥቦች በየተራ መልስ መስጠት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ዕድሜን ይመለከታል። ጸሐፊው በ3 ዓመቱ ቀይና ሰማያዊን መጥራት ያልቻለ ልጅ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ ይመክራሉ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ተቀላቅለዋል። ቀለምን በዓይን መለየት አንድ ነው፤ የለዩትን ቀለም በስሙ መጥራት ሌላ ነው። ጤናማ ሕፃን ገና በተወለደ በጥቂት ወራት፣ 4 ወር ገደማ ሲሆነው፣ ዋና ዋና ቀለማትን በዓይኑ ይለያል። ስማቸውን ለማወቅ ግን ከዚያ በኋላ ዓመታት ይፈጅበታል። «ውሻ»፣ «ወተት»፣ «ጫማ» የሚሉትን ቃላት አጣርቶ የሚናገር ልጅ «ቢጫ» ላይ ሲደርስ ሲደናገር ማየት የተለመደ ነገር ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ የገዛ ልጆቹ የተለመዱ ነገሮችን ስም ሁሉ ካወቁ በኋላ እንኳ በሥዕል ላይ ላሉ ቀለማት ትክክለኛ ስም መስጠት አቅቷቸው እንደነበረ፣ እርሱም ደጋግሞ አስተምሯቸው ስላልሆነለት ቀለም የማይለዩ መስለውት እንደነበረ፣ ኋላ ግን ስጋቱ መሠረት የሌለው ሆኖ እንደተገኘ ገልጿል። የዛሬ ልጆች በየቀኑ ባለ ቀለም መጫወቻ፣ ሥዕልና ልብስ ስለሚያዩ ቀደም ብለው መማራቸው እውነት ነው። ቢሆንም አንዱ በ2 ዓመት ተኩሉ ሲጠራ፣ ሌላው 4 ዓመት ሞልቶትም አረንጓዴንና ሰማያዊን ሊያምታታ ይችላል፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። 3 ዓመትን ወሰን አድርጎ እናትን ማስደንገጥ ለልጁ የሚያመጣለት ፋይዳ የለም።

ይህ መዘግየት ከየት እንደሚመጣ መረዳት ለቀሩት ነጥቦች ሁሉ መሠረት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። «ጫማ» የሚለው ቃል በእጅ የሚያዝ፣ ከሌላው ነገር ተነጥሎ የሚታይ ዕቃን ያመለክታል። ቀለም ግን ብቻውን ቆሞ አይገኝም፤ ዘወትር በሆነ ነገር ላይ ያረፈ ነው። መምህርቷ ኳስ አንሥታ «ቀይ» ስትል ልጁ የሰማው ቃል ስለ ክብነቱ ይሁን፣ ስለ መንጠሩ ይሁን ወይም ስለ ቀለሙ በራሱ ግምት ማወቅ ይኖርበታል። ይህን ካለፈ በኋላ ደግሞ ከበድ ያለ ሥራ ይጠብቀዋል፤ የቀለሙን ወሰን ማግኘት። የበሰለ ቲማቲም፣ የተፈጨ በርበሬ፣ የአያቱ ነጠላ ጥለትና የእሳት ፍም ሁሉም ቀይ ይባላሉ፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም። ቀዩ የት ላይ አብቅቶ ብርቱካናማው የት ላይ ይጀምራል? ዓይን ብቻውን ይህን አይነግረንም፤ ምክንያቱም ወሰኑን የሚያሰምሩት ቋንቋዎች ናቸው። ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት ሥራ ላይ የየቋንቋው መሠረታዊ የቀለም ስሞች ብዛት እንደሚለያይና አንዳንዱ ቋንቋ አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም በአንድ ስም እንደሚጠራ አሳይተዋል። እንግዲህ ልጅ ወሰኑን የሚማረው በዙሪያው ካሉ ሰዎች ነው፤ ለዚህም አንድ ቀለም በብዙ ነገሮች ላይ፣ በብዙ ድምቀትና ፍዘት ተለዋውጦ ሊያጋጥመው ይገባል።

ሁለተኛው ነጥብ ካርድን ይመለከታል፤ የካርዱ ድክመት ያለው እዚህ ላይ ነው። በካርድ ላይ ያለ ቀይ አንድ ቀይ ብቻ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ የመረጠው ቀይ። ልጁ ያንን ካርድ መቶ ጊዜ አይቶ መቶ ጊዜ «ቀይ» ቢል ያወቀው ካርዱን ነው። ጸሐፊው ለካርድ ጥቅም ማስረጃ ያደረጉት ልጆች ከጥቂት ቀናት ልምምድ በኋላ ካርዶቹን ሳይሳሳቱ መጥራታቸውን ነው። እኔ ግን ያው ልጅ ከካርዱ ርቆ በግቢው ውስጥ የደበዘዘ ቀይ በር ሲያይ ምን እንደሚል ብጠይቅ እወዳለሁ፤ የትምህርቱ ልክ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነውና።

ጸሐፊው «ልጅ በጨዋታ መካከል የሚሰማው የቀለም ስም ያልፈዋል፤ ቁጭ ብሎ ሲደግም ብቻ ይይዘዋል» ብለዋል። ይህን የሚቃወም የታወቀ ጥናት አለ። ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረቡት ሥራ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ስሙን ለማያውቁት አንድ የወይራ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም «ክሮሚየም» የሚል እንግዳ ስም አወጡለት። ቃሉን ግን በትምህርት መልክ አላቀረቡትም። መምህርቷ በዕለት ሥራ መካከል ሁለት ትሪዎች ወዳሉበት እያመለከተች «የክሮሚየሙን ትሪ አምጣልኝ፤ ቀዩን ሳይሆን ክሮሚየሙን» ትል ነበር። ልጆቹ ቀዩን ስለሚያውቁ ያኛውን ትሪ አመጡ፤ ከልጆቹ ብዙዎቹም ቃሉን እንዲህ በአጋጣሚ ሰምተው ስለ ቀለሙ አንድ ነገር በልባቸው አስቀሩ። ሙሉ ትርጉሙን አጥርቶ ለመያዝ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ጥናቱ አብሮ አሳይቷል። ለመምህራን ሁለቱም ግኝቶች ይጠቅማሉ። ቃሉ የሚገባው እውነተኛ ሥራ ውስጥ ነው፤ ትርጉሙ ግልጽ የሚሆነው ደግሞ በተደጋጋሚ መገናኘት ነው።

በአንድ ከተማ ኦ ክላስ ውስጥ የተመለከትኩትን እዚህ ላይ ማንሣት እፈልጋለሁ። መምህርቷ አረንጓዴ ካርድ ስታሳየው «ሰማያዊ» ብሎ መልሶ የክፍል ጓደኞቹ የሳቁበት አንድ ልጅ ነበረ። ከዕረፍት በኋላ ለየቡድኑ የእንቁላል ካርቶንና በከረጢት የተጠራቀመ የሃይላንድ ክዳንና ቆርኪ ተሰጣቸው፤ ሥራው የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጋር ማስቀመጥ ነበር። ያ ልጅ ሰማያዊዎቹን በአንድ ረድፍ፣ አረንጓዴዎቹን በሌላ ረድፍ አንድም ሳይሳሳት ደረደረ። በመጨረሻ በሁለቱ መካከል የሆነ፣ ወደ ባሕር ቀለም የሚያደላ አንድ ክዳን እጁ ገባ። ወደ ሰማያዊው አስጠጋው፣ መለሰው፣ ወደ አረንጓዴው አስጠጋው፤ ከዚያም በሁለቱ ረድፎች መካከል አስቀምጦት መምህርቷን ቀና ብሎ አያት። ይህ ልጅ ቀለም ያውቃል። የጎደለው የትኛው ስም ለየትኛው እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በዚያች ቅጽበት ሊሰጠው የሚችል ነገር ነበር፤ መምህርቷም ሰጠችው። ካርዱ ስለዚህ ልጅ የነገረን «ተሳስቷል» የሚለውን ብቻ ሲሆን ክዳኖቹ ግን እስከ የት እንደ ደረሰ አሳዩን።

ሦስተኛው ነጥብ ቀለማቱን ሁሉ በአንድ ሳምንት ማቅረብ የሚለው ነው። ጸሐፊው የቀስተ ደመናን 7 ቀለማት ከሰኞ እስከ ዓርብ ለማዳረስ የሚያስችል ዕቅድ ጭምር አዘጋጅተዋል። ይህ በተማረ አዋቂ ሚዛን የተሠራ ዕቅድ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ከከፈተችው የሕፃናት ቤት የተነሣው ዘዴ የቀለም ሰሌዳዎቹን በሦስት ሣጥን ከፍሎ ያቀርባል። በመጀመሪያው ሣጥን ያሉት ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ብቻ ናቸው፤ እነዚህም ሁለት ሁለት ሆነው ልጁ መንታውን ፈልጎ እንዲያጣምር ይሰጣሉ። ቀጣዩ ሣጥን 11 ጥንድ ይይዛል። ሦስተኛው 9 ቀለማትን እያንዳንዳቸውን በ7 ደረጃ ከደማቁ እስከ ፈዛዛው ያስደረድራል። ከማጣመር ወደ መደርደር፣ ከሩቅ ልዩነት ወደ ቅርብ ልዩነት መሄዱን ልብ ይሏል። ስሙን ለማስተማርም ከፈረንሳዊው ሐኪም ከኤድዋር ሴጋን የተወሰደ ባለ ሦስት እርከን አካሄድ አለ፦ መጀመሪያ «ይህ ቀይ ነው» ተብሎ ይነገራል፤ ቀጥሎ «ቀዩን ስጠኝ» ይባላል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በጽሑፉ የቀረበው ዘዴ ሁለቱን እርከኖች ዘልሎ ከመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ለኦ ክላስ ልጆች እኔ የምመርጠው በሁለት እጅግ በሚራራቁ ቀለማት፣ ለምሳሌ በቀይና በሰማያዊ ጀምሮ፣ እነርሱ ሲረጉ ቢጫን፣ ቀጥሎ አረንጓዴን ማከል ነው። አረንጓዴና ሰማያዊን ወይም ቀይና ብርቱካናማን በአንድ ቀን አዲስ አድርጎ ማቅረብ ግን መደናገሩን መጋበዝ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ራምስካርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ የ2 ዓመት ልጆች ዕቃው አስቀድሞ ተጠርቶ ቀለሙ በኋላ ሲነገራቸው ከተቃራኒው የተሻለ እንደሚማሩ ታይቷል። ልጁ በመጀመሪያ ዕቃውን ይይዛል፤ ከዚያ የሚመጣው ቃል ስለ ዕቃው ባሕርይ መሆኑን ይረዳል። አማርኛችን ሁለቱንም መንገድ ይፈቅዳል፦ «ቀይ ኳስ» እንላለን፤ «ኳሱ ቀይ ነው»ም እንላለን። ጥናቱ የተካሄደው በሌላ ቋንቋ ቢሆንም ምክንያቱ ለእኛም የሚሠራ ስለሚመስለኝ፣ መምህራን አዲስ ቀለም ሲያስተዋውቁ «ኳሱ ቀይ ነው፤ ክዳኑም ቀይ ነው» የሚለውን አነጋገር ቢያዘወትሩ እመክራለሁ። ምንም ወጪ የለውም።

ጸሐፊው የቤት ውስጥ ዕቃ ልጅን ያምታታል ብለው ያነሡት ነጥብ በከፊል ትክክል ስለሆነ በቸልታ አላልፈውም። ወጥ ቤታችን በእርግጥ ወጥመድ አለው። ቀይ ሽንኩርት የምንለው ልጣጩ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው፤ ቀይ ጤፍ ቡናማ ነው፤ ነጭ አዝሙድም ነጭ አይደለም። ሰው ቀይ ነው ስንል ደግሞ የቲማቲምን ቅላት ማለታችን አይደለም፤ የ4 ዓመት ልጅ ግን ይህን አያውቅም፤ ቀይ የተባለችውን አክስቱን ከቲማቲም ጋር ሲያስተያይ ቢውል አያስገርምም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ትምህርት እነዚህን ወደ ጎን ትቶ ስማቸውና መልካቸው የማይጣላውን መምረጥ ያሻል፤ ቲማቲም ለቀይ፣ ቃሪያና ጎመን ለአረንጓዴ፣ እርድና የበሰለ ሙዝ ለቢጫ፣ ካሮትና ብርቱካን ለብርቱካናማ፣ ከሰል ለጥቁር፣ ጥጥና ጨው ለነጭ። የወጥ ቤት ዕቃ ሁሉ ይጣል ማለት ግን ከዚህ አይከተልም።

እንዲያውም ከወጥ ቤት ሊገኝ የሚችለውን ትምህርት ምንም ካርድ አይተካውም። ቡና ሲቆላ እንመልከት። ጥሬው ፍሬ አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት ነው፤ ምጣዱ ላይ ሲሞቅ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ከዚያ ፈዛዛ ቡናማ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቡናማ፣ ጥቂት ከቆየ ደግሞ ጥቁር ሊሆን ይቃረባል። እናት ወይም መምህርት ልጆቹን ከእሳቱ በሚገባ አርቃ አስቀምጣ፣ ከየደረጃው አንድ አንድ ፍሬ አውጥታ በነጭ ሳህን ላይ ብታቀዘቅዝ፣ ልጆቹ በኋላ ከጥሬው እስከ ጠቆረው በተራ መደርደር ይችላሉ። ቡናማ የሚባለው ቀለም ሰፊ መሆኑን፣ ከቢጫና ከጥቁር ጋር የሚዋሰንበትንም ቦታ በእጃቸው ይነኩታል። ከላይ ስለ ወሰን ያልኩት ነገር በተግባር ይህን ይመስላል።

የወጪውን ጥያቄ በተመለከተ ጸሐፊው ተግባራዊ ጨዋታ ማለት ከውጭ የመጣ ውድ መጫወቻ ማለት እንደ ሆነ አድርገው ተነሥተዋል። ከልብስ ሰፊ ደጃፍ የሚጣል ብጣሽ ጨርቅ፣ ከሻይ ቤት የሚለቀም ቆርኪ፣ ሰፌድ ሲሰፋ የሚተርፍ የተነከረ አክርማ፣ የአሮጌ ደብተር ሽፋን በነፃ የሚገኙ ናቸው። የተነከረ አክርማ በተለይ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ ልጆች ነቅለው፣ ነጥለው፣ መልሰው በቀለም በቀለም ያስሩታል፤ ቤት ያለውን ሙዳይ ወይም አገልግል ሲያዩም ያንኑ ቀለም ያገኙታል። ለመቀባትም ቢሆን ከሱቅ ከለር መግዛት ግዴታ አይደለም። የተፈጨ ቀይ ሥር ጭማቂ ሮዝ ይሰጣል፤ የተቀጠቀጠ ቆስጣ አረንጓዴ ይሰጣል፤ በውኃ የተበጠበጠ እርድ ቢጫ ይሰጣል። በእርድ ተቀብቶ በደረቀ ወረቀት ላይ በጥጥ የሳሙና ውኃ ቢያስነኩት ቢጫው ዓይን እያየ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ልጆቹ ይህን ሲያዩ ስሙን ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። በርበሬ ግን ለዚህ ሥራ በፍጹም አይቅረብ፤ በእጅ ነክቶ ዓይን ማሸት የልጆች ልማድ ነው። ቆርኪና ክዳንም ወደ አፋቸው ለሚከቱ ትንንሽ ልጆች ማነቅ ስለሚችል፣ ከ3 ዓመት በታች ላሉት በብጣሽ ጨርቅ መተካት አለበት።

የልጆቹ ብዛት ጸሐፊው እንደ መጨረሻ መከራከሪያ ያቀረቡት ነው። በኦ ክላስ ያለውን መጨናነቅ፣ ረዳት የሌላትን መምህርት ድካም አውቀዋለሁ፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። ነገር ግን ብዛቱ የሚመሰክረው በጨዋታው ላይ ሳይሆን በካርዱ ላይ ነው። አንዲት መምህርት 60 ልጆች ፊት ካርድ ስታነሣ መልሱ የሚመጣው በኅብረት ነው፤ ስድስት ሰባት ልጆች ይጮኻሉ፣ የቀሩት የሰሙትን ያስተጋባሉ፣ ያላወቀው ልጅ በጩኸቱ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። በየተራ ልጠይቅ ብትል ለአንዱ ልጅ ጥቂት ሰከንድ ይደርሰዋል፤ የቀሩት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ብጣሽ ጨርቅ ሰጥታ «ቀይ የያዘ ይነሣ» ብትል ሁሉም በአንድ ጊዜ ያስባል፤ ማን በትክክል እንደ ተነሣ፣ ማን ጓደኛውን አይቶ እንደ ተነሣ፣ ማን እንዳመነታ በአንድ ዞር ማለት ታያለች። ከዚያ «የያዝከውን የመሰለ ነገር ሄደህ ንካ» ብላ ወደ ግቢ ብታወጣቸው ደግሞ አረንጓዴ የያዘው ወደ ቅጠሉ፣ ነጭ የያዘው ወደ ግድግዳው ይሮጣል። ልጆቹ የደንብ ልብስ ስለሚለብሱ «ቀይ የለበሰ ይነሣ» የሚለው የተለመደ ጨዋታ በብዙ ትምህርት ቤቶች አይሠራም፤ ብጣሽ ጨርቁን የመረጥኩት ለዚህ ነው። የመደርደር ሥራውን በተመለከተም ልጆቹን በአምስት ምንጣፍ ከፍሎ በየቀኑ አንዱን ቡድን ብቻ ማሠራት፣ ሌሎቹን በሥዕል ወይም በመዝሙር ማቆየት ይቻላል፤ በሳምንት አንዴ ለሁሉም ይደርሳል።

የቋንቋው ጉዳይ እጅግ ያሳስበኛል። ጸሐፊው ልጁ ወደፊት በእንግሊዝኛ ስለሚማር የቀለም ስሞችንም ከመነሻው በእንግሊዝኛ ቢይዝ ድካም ይቀንሳል ይላሉ፤ በብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት የሚሠራበትም ይኸው ነው። ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ልጅ ግን «ሬድ» የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት መዝሙር ውጭ አይሰማውም። እናቱ «ቀዩን ሹራብህን አምጣ»፣ ባለ ሱቁ «ቢጫው ነው ወይስ አረንጓዴው?»፣ አያቱ «ጥቁሯ በግ» ሲሉ የሚሰማቸው ድግግሞሾች ሁሉ ለዚያ ቃል አይረዱትም። ከላይ እንዳየነው ደግሞ ወሰኑ የሚገኘው ከእነዚሁ ድግግሞሾች ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የደነገገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ይህም አፉን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሲዳምኛ ለፈታ ልጅ እኩል ይሠራል። አንዴ ቀለሙን በአንድ ቋንቋ አጥርቶ የያዘ ልጅ ሁለተኛ ስም ለመጨመር ብዙ አይቸገርም። በአሜሪካ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች የአማርኛ ስሞቹን ሲማሩ ያላቸው ቅለት ይህንኑ ያሳያል፤ በእንግሊዝኛ ስላወቁት የሚቀራቸው ቃሉ ብቻ ነው።

ስለ ቪዲዮው ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ መሆኑን አስፍሯል። ስልክ ላይ የሚታየው ፊኛ አይነካም፣ ከሌላው ጋር አይስተያይም፣ ልጁ ሲሳሳት ምንም አይልም። ጸሐፊው የሥዕል መስመር ሳያልፉ መቀባትን የቀለም ዕውቀት መለኪያ ማድረጋቸውም ልክ አይደለም፤ እርሱ የጣት ቅልጥፍና ነው፤ ሰማዩን በአረንጓዴ ከለር ከመስመር ሳይወጣ የቀባ ልጅ ሞልቷል።

ጸሐፊው ስሕተት ወዲያው «አይደለም!» ተብሎ መታረም አለበት ማለታቸው ደግሞ የስሕተቱን ምንነት ካለመመልከት የመጣ ነው። ኬቲ ዋግነር፣ ካረን ዶብኪንስና ዴቪድ ባርነር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ልጆች የቀለም ስም ሲሳሳቱ ዝም ብለው እንደማይገምቱ፣ ብዙ ጊዜ ስሙን ከወሰኑ አስፍተው ለጎረቤት ቀለማት እንደሚሰጡት አሳይተዋል። ብርቱካኑን «ቀይ» ያለ ልጅ «ቀይ» የሚለውን ቃል ግማሽ መንገድ አውቆታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ቲማቲሙንና ብርቱካኑን ጎን ለጎን አስይዞ «ቲማቲሙ ቀይ ነው፤ ብርቱካኑ ብርቱካናማ ነው» ማለት ወሰኑን ያሳየዋል። «አይደለም» ብቻ የተባለ ልጅ ግን ምኑ እንዳልሆነ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለትን ይመርጣል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ነጥብ ሳልገልጽ ባልፍ ግን አግባብ አይሆንም። ዓላማ የሌለው ጨዋታ ቀለም አያስተምርም ብለዋል፤ እስማማለሁ። ልጆች እጃቸውን በሁሉም ቀለም ነክረው ወረቀቱ ጭቃ መልክ እስኪይዝ ሲያሹ ውለው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመምህርቷ አንድም የቀለም ስም ያልሰሙበትን ክፍል እኔም አይቻለሁ። ተግባሩ የሚጠቅመው ንግግር ሲታከልበት ነው፤ «ምኑን ከምኑ ጋር አስቀመጥክ? ይህኛውስ ለምን እዚህ ሆነ?» የሚል ንግግር።

ሐኪም ስለ ማማከር የተነሣውም ጉዳይ በሌላ መልክ ቦታ አለው። ቀለም ያለመለየት ችግር በእውነት አለ፤ በአብዛኛው ከእናት በሚወረስ ባሕርይ የሚመጣና በወንዶች ላይ የሚበዛ ነው። ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ሕዝቦች ዘንድ ከወንዶች 8 በመቶ፣ ከሴቶች 0.5 በመቶ ገደማ ይገኝባቸዋል፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን ችግር የሚጠቁመው ግን ስም መሳሳት አይደለም። የሚጠቁመው ሲያዛምድ መሳሳት ነው፤ በተለይ ቀዩን ከአረንጓዴው ወይም ከቡናማው ጋር ደጋግሞ በአንድ ረድፍ የሚያስቀምጥ፣ ከቅጠል መካከል የበሰለውን ፍሬ ለማግኘት የሚቸገር ልጅ፣ የእናቱ አባት ወይም የእናቱ ወንድም ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት ከታወቀ ደግሞ ይበልጥ፣ ወደ ዓይን ሐኪም ቢላክ ተገቢ ነው። ጃፓናዊው ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጡት የነጠብጣብ ሥዕል ምርመራ ዛሬም ይሠራበታል፤ ቁጥር ለማያነቡትም በጣት የሚከተሉት መስመር ያለባቸው ገጾች አሉት። እንግዲህ ጸሐፊው የሚፈሩትን ችግር ራሱን ቀድሞ የሚያሳየው እርሳቸው የነቀፉት የመደርደር ጨዋታ ነው።

በመጨረሻ ያቀረቡት ሐሳብ እያንዳንዱ ልጅ በመንፈቁ መጨረሻ የ10 ቀለማት ስም ተጠይቆ ውጤቱ ከ10 በውጤት ካርዱ ላይ እንዲሰፍር የሚል ነው። 4 ከ10 የሚል ቁጥር ለወላጅ የሚነግረው ነገር የለም። በምትኩ መምህርቷ በየቡድኑ ሥራ ላይ እያየች ለየልጁ ሦስት ነገር ብትመዘግብ ይበቃል፦ የትኞቹን ቀለማት ሳይሳሳት ያዛምዳል፤ የትኞቹን ሲጠሩለት መርጦ ያመጣል፤ የትኞቹን ራሱ ይጠራል። ወላጅ ይህን ሲያነብ ልጁ ቢጫን ቢጠሩለት እንደሚያመጣ፣ ራሱ ግን ገና እንደማይጠራው ያውቃል፤ ማታ ሽሮው በእርድ ከቀለመው አልጫ ጎን ሲቀርብም ስለ የትኛው ቀለም እንደሚያነሣለት አይጠፋውም።